ከጣራ ላይ የተቀዳው ፕሮግራሜ

ድምፄ ጥሩ እንደሆነ ሲነገረኝ ነው ያደግሁት። ትምህርት ቤት ሳለሁ ሚኒ ሚዲያ ላይ ዜና አነብ ነበር፤ ሰልፍ ላይ የቆመው ተማሪ ሁሉ ጸጥ ብሎ ያዳምጠኛል። ጸጥ የሚለው ርዕሰ መምህሩ አለንጋ ይዘው ከኋላ ስለሚቆሙ መሆኑ የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ያ ድምፅ የዋለው ጅቡቲ ወደብ ላይ፣ በጉምሩክ መስኮት አንገቴን አስግጌ፣ በተሰባበረ ፈረንሳይኛ «ሙሴ፣ ሲልቩፕሌ፣ የእኔ ዶሴ የት ደረሰ?» ለማለት ብቻ ሆነ።

ወደ ጅቡቲ የመጣሁት በ1990 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ጦርነቱ ተነሥቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ የአገሩ ዕቃ በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ዕቃው ሲዞር እኛ ትራንዚተሮቹም አብረን ዞርን። ሥራዬ ከመርከብ የወረደ ዕቃ ወረቀቱ እንዲያልቅለት መሮጥና ከባድ መኪና ላይ ተጭኖ ሲወጣ ማየት ነው። «ለስድስት ወር ነው» ተብዬ መጥቼ አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ባለቤቴ አዳማ፣ እኔ እዚህ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለገናና ለፋሲካ፣ ዘመድ ሊጠይቅ እንደሚሄድ ሰው ሻንጣዬን ይዤ ወደ ገዛ ቤቴ እሄዳለሁ። ሁለቱ ልጆቻችን አንዱ ጅማ፣ አንዷ መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ከገቡ ወዲህ ቤቱ ለእሷ ብቻ ቀርቷል።

ፖድካስት የሚባለውን ነገር ያስተዋወቀችኝ የቢሮ ባልደረባዬ ናት። ከአዲስ አበባ ተዛውራ ከመጣች ዓመት አልሞላትም፤ ማዳመጫ ከጆሮዋ አይወርድም። አንድ ቀን ምን እንደምትሰማ ጠየቅኋት።

«ሬዲዮ በሉት፣ ጋሼ። ግን ጣቢያ የለውም።»

«ፈቃድስ?»

«አያስፈልገውም።»

«አለቃስ?»

«የለውም።»

«እንግዲያው እኔ የተፈጠርኩት ለዚህ ነው» አልኳት።

ሳቀችና አንድ ነጭ ወረቀት አቀበለችኝ። «መጀመሪያ ለምን እንደሚሠሩት አንድ መስመር ይጻፉ። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ሦስተኛው ላይ ሰልችቶት ያቆማል።»

ብዕሬን አነሣሁና «ለሾፌሮችና ለትራንስፖርቱ ዘርፍ ባለድርሻ አካላት ጠቃሚና ወቅታዊ መረጃ ለመስጠት» ብዬ ጻፍኩ። አነበበችው። «ይሄ ማኅተም ብቻ ነው የጎደለው» አለችና መለሰችልኝ። ቤት ገብቼ ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «ሰው እንዲሰማኝ» ብዬ ጨመርኩ። ይኼኛውን አላሳየኋትም። ለአርባ ስድስት ዓመት ሰው ትንሽ ያሳፍራል።

የመጀመሪያውን ፕሮግራም የቀዳሁት ካርቲዬ ዶ በሚባለው የድሆች ሠፈር በተከራየሁት ክፍል ውስጥ ነው። ርዕሱ «የጠፋ ዶሴ ሲያጋጥም መደረግ ያለባቸው ጥንቃቄዎች» ይላል። ቬንትሌተሩ እንዳይጮህ አጠፋሁት። በጅቡቲ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በቀትር ቬንትሌተር ማጥፋት ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ የፈለገ ሰው ድስት ውስጥ ገብቶ ክዳኑን ይክደንበት። ሽርጥ ታጥቄ፣ እርጥብ ፎጣ አንገቴ ላይ ጥዬ፣ ያንን የሚኒ ሚዲያ ድምፄን አውጥቼ «ውድ አድማጮቻችን» ስል ሰባት ሰዓት ሆነ። ሰባት ሰዓት ደግሞ ጫት የሚገባበት ሰዓት ነው። ከአምቡሊ አየር ማረፊያ የሚመጡት የጫት መኪኖች ጡሩንባቸውን ሳያቋርጡ እየነፉ ከተማውን ያቋርጣሉ፤ ከተማው ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቃቸው ስለሚውል ማንም ቀስ በሉ አይላቸውም። ዶሴው የጠፋበት ሰው መጀመሪያ የት መሄድ እንዳለበት የተናገርኩበት ቦታ በሙሉ ጡሩንባ ነው።

ሁለተኛውን ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከተማው ቅሞ ዝም ሲል ቀዳሁት። ስለ ኮንቴይነር እሽግ ነበር። ባልደረባዬ ሁለቱንም ኢንተርኔት ላይ ጫነችልኝ። ከሳምንት በኋላ ስንት ሰው እንደሰማው ጠየቅኋት።

«አምስት» አለችኝ። «አንዷ እኔ ነኝ።»

ሁለቱ ደግሞ እኔው ነበርኩ።

ያዳነኝ ሾፌር ወዳጄ ነው። ከአዳማ ነው፤ ለቤቴ የምልከውን የዱቄት ወተትና ቴምር እያደረሰ፣ ከቤት የሚላክልኝን በርበሬና ሽሮ እያመጣ ስንት ዓመት ኖረናል። እሱ ያለበት ቦታ ዝምታ አይበረክትም። «ሾፌር ኢንተርኔት ከየት ያመጣል? ሾፌር ያለው ሚሞሪ ነው» አለኝና ስልኬን ተቀብሎ ፕሮግራሞቼን በሚሞሪ ካርዱ ገለበጠ። ፔካ ዱዝ የሚባለው የከባድ መኪኖች መቆሚያ ሾፌሮች ወረፋቸውን እየጠበቁ ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም ሳምንት የሚያድሩበት ሜዳ ነው። እዚያ ሚሞሪ ከጋቢና ጋቢና ይዞራል። አንዱ አዲስ ነገር ይዞ ከመጣ እስከ ማታ ያልገለበጠ አይኖርም፤ የእኔ ነው፣ አትስጥ፣ አትቅዳ የሚባል ነገር የለም። ወዳጄ በሁለተኛው ቀን ተመልሶ መጣና አስተያየቱን ነገረኝ። «ድምፅህ ሸጋ ነው። ግን እኛን ስብሰባ የጠራኸን ነው የሚመስለው። ከእኔ ጋር እንደምታወራው አውራ እንጂ!»

ጊዜው ግንቦት ነበር። ሙቀቱ ሲብስ የካርቲዬ ዶ ሰው አልጋውን ይዞ ጣራ ላይ ይወጣል፤ እኔም ወጥቻለሁ። ሦስተኛውን ፕሮግራም እዚያው፣ ጎህ ሲቀድ፣ ነፋሱ ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ቀዳሁት። ዶሴም እሽግም አላነሣሁም። በአንድ ደረሰኝ ምክንያት ሁለት ቀን ከግመል ጋር ጥላ ስለተጋራ ሾፌር አወራሁ፤ እያወራሁ ራሴው ሳቅሁ። መልሼ ስሰማው በጣም ወደድኩት። ከኋላዬ ፍየል ይጮሃል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ አንዲት ሴት ትጣራለች። እኔ ምኑንም ልብ አላልኩም። የራሴን ድምፅ ብቻ ነበር የማዳምጠው።

ፔካ ዱዝ ተወደደ። ወዳጄ ደግሞ ደስታው ገደብ አጣና ወደ አገር ሲገባ አዳማ ጎራ ብሎ ለባለቤቴ አንድ ሚሞሪ ሰጣት። «የባለቤትዎ ፕሮግራም ነው፤ አገር እያነጋገረ ነው» ብሏታል። እሷም ኮርታ ጎረቤቶቿን ጠራች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በ1990 ስመጣ ድርጅቱ ለሁለት ሳምንት እንግዳ ማረፊያ አስቀምጦን ነበር። ኤር ኮንዲሽነር አለው፣ በመስኮቱ ባሕር ይታያል። እሷ እንዳታስብ ብዬ በስልክ ያንን ክፍል ነገርኳት። ስሸኝ አውቶቡስ ተራ ቆማ ስታለቅስ ዓይቻታለሁ፤ ተመችቶኛል ካልኳት ቢያንስ ማልቀሱን ትተዋለች ብዬ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ካርቲዬ ዶ ገባሁ። ያንን ግን አልነገርኳትም። ዛሬ ነገ ስል፣ ውሸቱ በመጀመሪያ ለእሷ ማጽናኛ፣ ቀጥሎ ለእኔ ኩራት ሆነና ዓመታት አለፉ። ልምጣ ባለች ቁጥር ሙቀቱን አመካኝቼ አስቀራታለሁ። እሷ የምታውቀው ባልዋ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ባሕር እያየ እንደሚተኛ ነው።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ይበቅላል። ሴቶቹ ተሰብስበው ፕሮግራሜን ሲያዳምጡ መጀመሪያ ፍየሉ ጮኸ። አንዷ ጎረቤት «ባሕሩ ፍየል ያረባል እንዴ?» አለች። ቀጥሎ ሕፃኑ አለቀሰ። ቀጥሎ አንዲት ሴት ከታች፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «ሻይህ ቀዘቀዘ! ና ውረድ እንጂ!» ብላ ተጣራች። እኔም፣ ልክ እንደ አባወራ፣ «መጣሁ፣ መጣሁ» ስል ይሰማል። ባለቤቴ ስልኩን አጥፍታ ጎረቤቶቿን ምሳ ጋበዘች። ማንም ግን በደንብ አልበላም።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ከታላቅ እህቷ ነው። ሁልጊዜ ዓርብ ጠዋት፣ የእረፍት ቀኔ ስለሆነ፣ እደውላለሁ። በዚያ ዓርብ አላነሣችም። በሚቀጥለውም አላነሣችም። ግራ ገብቶኝ እህቷ ጋ ደወልኩ። እህቷ ሁሉንም ነገረችኝና በመጨረሻ «ለመሆኑ ሕፃኑ ወንድ ነው ሴት?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሕፃኑ ወንድ ነው። የአከራዬ የልጅ ልጅ ነው። የአከራዬ ልጅ ድሬዳዋ ያደገች ሶማሊ ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል፤ እንደ ድሬ ሰው ሽማግሌውንም ሕፃኑንም አንተ ትላለች። ልትወልድ እናቷ ቤት መጣች፣ ወለደች፣ ጠዋት ሻይ ስታፈላ ለጣራው ሰው ሁሉ ታፈላለች። ይኸው ነው ነገሩ። ግን ስልክ የማታነሣ ሴት ይህን እንዴት ትስማ? ደግሞም ስለ ሕፃኑ እውነቱን ለመናገር ስለ ጣራው መናገር፣ ስለ ጣራው ለመናገር ስለ ባሕሩ መናገር ነበረብኝ። አንዱን ክር ስስበው ጋቢው በሙሉ ይተረተራል። ሃያ ሁለት ዓመት የቆየ ትዳሬ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ሊፈርስብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። በእውነት ፈራሁ፤ ምግብ አልበላ አለኝ።

በሦስተኛው ዓርብ ወረቀትም ምክንያትም ሳልጽፍ ስልኬን ከፍቼ ተቀመጥኩ። «ውድ አድማጮቻችን» አላልኩም። ስሟን ጠራሁና «ባሕር የሚታይበት ክፍል የለኝም» ብዬ ጀመርኩ። ክፍሉን ስንት እርምጃ እንደሆነ እየተራመድኩ አስቆጠርኳት፤ አራት ነው። ቬንትሌተሩን አብርቼ አሰማኋት። የጣራውን መሰላል ስወጣ ሲንጫረር አሰማኋት። ለምን እንደዋሸሁ፣ በኋላም ለምን እንዳላቆምኩ ነገርኳት። በመጨረሻ የሕፃኑን አባት ጠራሁት። አምቡሊ አየር ማረፊያ ሻንጣ የሚጭን ረጅም ሰው ነው፤ አማርኛው ከአሥር ቃል አይበልጥም። ምን እንደሚፈለግበት ሚስቱ ስታስረዳው ስልኩን ከእጄ ነጠቀና «ልጁ የእኔ ነው! ወላሂ የእኔ ነው!» ብሎ ጮኸበት።

ሚሞሪውን ፖስታ ውስጥ ከትቼ፣ አሽጌ፣ ለወዳጄ ሰጠሁት። «አደራ። ይኼ ፕሮግራም አይደለም። ለእሷ ብቻ ነው።»

«በልጆቼ!» አለኝ።

አሥራ ስምንት ዓመት ከሾፌር ጋር ኖሬ እንዲህ ዓይነት ስህተት መሥራቴ ይገርመኛል። ፖስታ አሽጎ ለሾፌር መስጠት ስሙልኝ ብሎ እንደ መለፈፍ ነው። ወዳጄ በኋላ እንደነገረኝ ያዳመጠው «ካርዱ መሥራቱን ለማረጋገጥ» ነው፤ የገለበጠው ደግሞ «መንገድ ላይ ቢጠፋ መጠባበቂያ እንዲሆን»። መኪናው ገና ጋላፊ ኬላ ሳይደርስ ፔካ ዱዝ በሙሉ «ወላሂ የእኔ ነው!» የሚለውን የስልኩ መጥሪያ ድምፅ አድርጎት ነበር።

በማግስቱ ወደብ ስገባ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ሾፌሮቹ ግን ስቀው ብቻ አልቀሩም። አንዱ በቢሯችን መስኮት አጎንብሶ «እኔም ሚስቴን ሆቴል ነው የማድረው እላታለሁ፤ የማድረው ተሳቢው ሥር ነው» አለኝ። ሌላው ለእናቱ ጫት ከተወ አምስት ዓመት እንደሆነው ነግሯቸዋል፤ ይህን ሲነግረኝ ጉንጩ ሙሉ ነበር። «እስቲ አንተ በዚያ ድምፅህ ንገርልኝ» አሉኝ። «ራስህ ንገራት» እያልኩ ስልኬን አቀብላቸው ጀመር። አንዳንዱ ስልኩን ይዞ ከመኪናው ኋላ ይሄዳል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ አንድ ቃል ሳይናገር ይመልስልኛል። አንዳንዱ ደግሞ ሃያ ደቂቃ ይቆያል። ባልደረባዬ ይህን ዓይታ «እንግዲህ ባለድርሻ አካላትዎን አገኙ» ብላ ቀለደችብኝ።

እኔ ግን የምጠብቀው የአንድ ሰው መልስ ነበር። አንድ ሳምንት አለፈ። ሁለት ሳምንት አለፈ። ፕሮግራሜ በሜዳው ሁሉ ሲጮህ እየሰማሁ ያለ እሷ መልስ ምንም እንደማይጥመኝ ሲገባኝ ነው ምክንያቴን ያወቅሁት። ሰው እንዲሰማኝ ብዬ ጽፌ የለ? ያ ሰው መጀመሪያውኑ እሷ ነበረች። አሥራ ስምንት ዓመት ዓርብ ዓርብ ለአምስት ደቂቃ «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» ስንባባል የቀረውን ወሬ ሁሉ የማደርስበት አጥቼ ነው ለማላውቀው ሰው ማይክራፎን የያዝኩት።

በሰኔ አጋማሽ ወዳጄ ዕቃ ሊጭን ተመልሶ መጣ። ከበርበሬው ጋር ትንሽ ፖስታ ይዟል። እሱ ዕቃ ሲሰጥ ከጋቢናው መስኮት ነው የሚወረውረው፤ ያን ቀን ወርዶ፣ በሁለት እጁ ሰጠኝ። አልቀለደም። «ሰማኸው?» ስለው መሬት መሬት እያየ «ብቻህን ስማው» አለኝ።

ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ፤ እንዳይረብሸኝ ቬንትሌተሩን አጠፋሁ። እሷ አታወራም። የቀዳችው ቤቱን ነው። ጠዋት ስልኩን አብርታ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ሥራዋን ቀጥላለች። በር ሲንሲያጠጥ ይሰማል፤ የትኛው በር እንደሆነ አላወቅሁም። በርሜል ውስጥ ውኃ ይወርዳል፤ ውኃ ጠዋት መምጣት መጀመሩን አልሰማሁም ነበር። ከውጭ የጋሪ ፈረስ ኮቴ ያልፋል። አንድ ወፍ መስኮቱ ሥር ሳያቋርጥ ይጮሃል፤ እሱንም አላውቀውም። የገዛ ቤቴን እንደ ሰው ቤት ነው ያዳመጥኩት።

ከዚህ ሁሉ መሃል አንድ ሌላ ድምፅ አለ። ቋ፣ ይላል። ዝም ይላል። ቋ። ጎረቤት በርበሬ እየወቀጡ ነው ብዬ ተውኩት። ግን ቦታ ይለውጣል። ከጓዳ ተነሥቶ ኮሪደሩን ያልፋል፣ በርሜሉ ጋ ይቆማል፣ ይመለሳል። እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣና ስልኩ አጠገብ ቆመ። ወንበር ሲጢጥ አለ። የትንፋሿን ድምፅ ሰማሁ።

«አንተም ቤትህን አሰማኸኝ፣ እኔም ይኸው» አለች። «በል ደህና ሁን።»

ከዚያ ተነሣች። ቋ። ዝምታ። ቋ።

ከዘራ ነው።

ደወልኩ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሣችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ከጥር። በርሜሉ ጋ አዳለጠኝ። ጉልበቴን ነው።»

ለገና ሄጄ በደህና እግሯ ነው የሸኘችኝ። ለፋሲካ ደግሞ በዚያ ዓመት የስንዴና የማዳበሪያ መርከብ ተደራርቦብን አልሄድኩም። «አምስት ወር ሙሉ! ልጆቹስ አያውቁም?»

«እነሱንም እህቴንም እንዳይነግሩህ አስምያቸዋለሁ፤ ሾፌርህ ሲመጣም ከወንበሬ አልነሣም። ከዚያ ሆነህ ምን ታደርግልኛለህ? ባሕር እያየህ ትጨነቅ?»

ሳቅ አመለጣት። እኔ አልቻልኩም፤ አለቀስኩ። እሷም እስክጨርስ ስልኩን ሳትዘጋ ጠበቀችኝ።

አለቃዬን ፈቃድ ስጠይቀው ለምን እንደሆነ ነገርኩት፤ በማግስቱ በወዳጄ መኪና ተነሣሁ። ሁለት ቀን ሙሉ መንገድ ላይ ቀረጻ አላነሣሁም፣ እሱም ቀልድ አላነሣም። አዳማ ስንደርስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቁልፍ አለኝ፤ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ስለምጠቀምበት በሩን ማንኳኳት ይቀለኛል።

አንኳኳሁ። «ማነው?» አለች ከውስጥ።

«እኔ ነኝ።»

ወንበር ሲጢጥ አለ። ከዚያ ቋ፣ ዝምታ፣ ቋ። ሳሎኑን አለፈች። ደረጃው ጋ ቆመች፤ ሦስት ደረጃ ነው፣ አንድ በአንድ ስትወርድ ሰማኋት። ግቢው ውስጥ ከዘራው ፈጠነ፤ ልትሮጥ ነው። ጆሮዬን የብረት በሩ ላይ አስደግፌ «ቀስ በይ» አልኳት። «ቀስ ብለሽ ነይ። የትም አልሄድም።»